ጋሼ ሳይባርኩ አይተኩሱም

አጎቴ ጋሼ፣ አሜሪካ ስቶን ማውንቴን ባለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ፣ ባሩዱን እንደ ወርቅ እየመዘኑ፣ የአጋዘን ማደኛ ጥይታቸውን በገዛ እጃቸው ይሞሉ ነበር። "ከዚህ የበረታ ጠመንጃ ለምን አይገዙም?" ስላቸው፣ "ጥብስ ነው የምትፈልጊው ወይስ ክትፎ?" ይሉኛል።

በስመ አብ ብለው አሜን ሳይሉ ደግሞ ቃታ አይስቡም። አጋዘኑ ብዙ ጊዜ አሜንን አይጠብቅም።

"ኧረ ይተኩሱ፣ ጋሼ!"

"ሳይባረክ ማን ሊበላው?" ብለው ከተቀመጥንበት ግንድ እየሳቁ ይነሳሉ።

ካረፉ በኋላ ለተዝካራቸው ሥጋ ላመጣ ብዬ፣ ጠመንጃቸውንና እሳቸው ከሞሏቸው ጥይቶች የቀረችውን አንዷን ይዤ እዚያው ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። አጋዘኑ መጣልኝ። አነጣጠርኩና በስመ አብ አልኩ። አሜን ስል ሄዷል።

እየሳቅኩ ወደ ጋሼ ዞርኩ። እሳቸው የሚቀመጡበት በኩል ቅጠል ረግፎበታል።