ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ለጥናቷ ያዘጋጀችውን መጠይቅ እንድመለከትላት ይዛልኝ መጣች። ከገጾቹ አንዱ ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። «ሌሎች ሰዎች የማይሰሙት ድምፅ ይሰማዎታል?» ይላል። ልጅቷ የተሳሳተች መስሏት ደነገጠች። አልተሳሳተችም፤ የአእምሮ ሐኪም ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም። እኔ ግን በደርግ ጊዜ መካኒሳ ውስጥ በዚህችው ጥያቄ ጤነኛ ሰው አሳምሜአለሁ።

ያኔ ገና ጀማሪ ሐኪም ነበርኩ። አለቃዬ ከውጭ አገር የመጣ መጠይቅ ሰጡኝና ወደ አማርኛ መልሼ ቤት ለቤት እየዞርኩ እንድጠይቅ አዘዙኝ። ሐምሌ ነበር። መካኒሳ ላም የሚሰማራበት ሜዳና ባሕር ዛፍ ይበዛው ነበር፤ ከአቦ ወደ ታች የሚወስደው መንገድ ጭቃው ከእግር ላይ ጫማ ይነጥቃል። የቀበሌው ሊቀመንበር «ብቻህን አትዞርም» ብለው ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ ጨመሩልኝ። እኔ ሞኙ፣ የተከበርኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ከገባሁባቸው ቤቶች አንዱ የአቶ ዘርጋ ነው፤ ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ ጨዋታ የሚያውቁ የጉራጌ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረቡልኝ። ቆጮው ትኩስ ነው፤ ቅቤው ገና ሳይቀመስ ያውዳል። አብዮት ጠባቂው አልገባም ብሎ ደጃፉ ላይ ቆሟል። እኔም እየጎረስኩ መጠየቅ ጀመርኩ።

«ሌሎች ሰዎች የማይሰሙት ድምፅ ይሰማዎታል?»

አቶ ዘርጋ መጀመሪያ ደጃፉ ላይ ያለውን ጠመንጃ አዩ፣ ቀጥሎ እኔን።

«እኛ? ኧረ ጓድ ሐኪም! እኛ የምንሰማው የአገራችንን ሬዲዮ ብቻ ነው። እንዲያውም ዜና ሲሆን ቆመን ነው የምንሰማው።»

«ድምፁ እንዲህ አድርግ እያለ ያዝዝዎታል?»

«የሚያዘን ቀበሌያችን ብቻ ነው።»

«ሰው የሚከታተልዎት ይመስልዎታል?»

«ከእርስዎ ሌላ?»

«ተጠራጣሪ» ብዬ ጻፍኩ። በየቤቱ የማገኘው መልስ ተመሳሳይ ስለነበረ አለቃዬ ዘንድ በደስታ ሮጥኩ። ቀበሌው በሙሉ ታሟል፣ ሁሉም ሰው ይከታተሉናል እያለ ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተንስ ማን ይከታተልሃል?»

ስለ አብዮት ጠባቂው ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ራስህንም ከሕመምተኞቹ ቁጠር» አሉኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የቀሩኝን ጥያቄዎች ልጠይቅ ተመለስኩ። አብዮት ጠባቂው ስብሰባ ስለነበረበት ብቻዬን ነበርኩ። የአቶ ዘርጋ ሱቅ ዝግ ነው። እሳቸው አልጋ ላይ ናቸው፤ ያ ሙሉ ፊታቸው ጎድጉዷል። እህል አይቀምሱም፣ አይተኙም። በመጠይቄ ያለው የሕመም ምልክት ሁሉ እሳቸው ላይ ነበር። እትዬ አስካለ ሲያዩኝ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ሬዲዮውን ከፈለጋችሁ ውሰዱት! ጓሮ እንሰቱ ሥር ቀብረነዋል። እሱን ግን ተዉልኝ!»

አቶ ዘርጋ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ተናገሩ። «ልጃችን ሰሜን ጦር ግንባር ነው። የእኛው ሬዲዮ ድሉን እንጂ ቦታውን አይነግረንም። የውጪው የት እንደሚዋጉ ይናገራል። ለዚያ ነው የሰማነው፤ ሌላ የለብንም።»

በዚያ ዘመን የውጭ ጣቢያ መስማት ያሳስር ነበር፤ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አፈርኩ። ሰላይ አይደለሁም ብዬ በእናቴም በአባቴም ማልኩ። ማን ይመነኝ! ሰላይ ሲምል ከማን ያንሳል? በመጨረሻ መሐላው ሲያልቅብኝ እውነቱ ከአፌ ወጣ።

«እኔም እሰማዋለሁ።»

አቶ ዘርጋ ዓይናቸውን ገለጡ። ቀስ ብለው ተነስተው ተቀመጡና መጠይቁን ከእጄ ወሰዱ።

«ሌሎች ሰዎች የማይሰሙት ድምፅ ይሰማሃል?» አሉኝ። አንቱታው ቀርቷል።

«አዎ። ዝቅ አድርጌ።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከዚያው፣ እርስዎ ከሚሰሙት ጣቢያ።»

«ጻፈው።»

ጻፍኩ። «ፈርም» አሉኝ፤ ፈረምኩ። ወረቀቱን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«አስካለ፣ የሚበላ አምጪ እስቲ።»

ሁለት ሳምንት ያልበላ ሰው ሲበላ አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሬዲዮውን እኔው በዝናብ ቆፍሬ አወጣሁት፤ በላስቲክ ቢጠቀለልም ውኃ ገብቶበት ስለነበር ምድጃ ዳር አደረቅነው። እየተንኮሻኮሸም ቢሆን ተናገረ። ሱቁ በማግስቱ ተከፈተ። ልጃቸው ከዓመታት በኋላ አንድ እግሩን እየጎተተ ተመልሷል፤ አቶ ዘርጋ ግን ወረቀቴን ሳይመልሱልኝ ሞቱ።

ዛሬ ሰዎች ስለ ጤናማ ኑሮ ሲጠይቁኝ በቂ እንቅልፍ ተኙ፣ በእግር ሂዱ፣ አትክልት ብሉ እላለሁ። እውነትም ነው። አቶ ዘርጋን ግን ያሻላቸው ከነዚህ አንዱም አልነበረም። ያሻላቸው እኔም በተራዬ እሳቸውን መፍራቴ ነው። እሳቸው እፎይ ብለው ሲያንኮራፉ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ከአልጋዬ የምዘለው እኔ ሆንኩ። መካኒሳ ምን እንደታመመች ያኔ ብቻ ገባኝ።