የሄንድሪክ ባርኔጣ

በበርሰባ መንደር ሄንድሪክ ቦይስን የሚያህል ሰው አክባሪ የለም። የአህያ ጋሪ ጠጋኝ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ለልጅም ይሁን ለሽማግሌ፣ ሰፊውን ባርኔጣውን ከአናቱ አንስቶ፣ በአየር ላይ አዙሮ ደረቱ ላይ ሳያሳርፍ ሰላምታ አይሰጥም።

ይህ ሰው ካትሪና ኢሳክስን ወደደ። ካትሪና ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ። ወጥ ቤቷ መስኮት ላይ ባለው አበባ አንዲት አረንጓዴ ጸሎተኛ ፌንጣ አላምዳለች፤ እጆቿን አጣጥፋ የምትቀመጠዋን ማለቴ ነው። ዝንብ እየያዘች ታጎርሳታለች። ፌንጣዋ ያረፈችበት ሰው የተባረከ መሆኑን ደግሞ የአገሩ የናማ ጎሳ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«እጅህ ላይ ከወጣች አገባሃለሁ» አለችው ካትሪና። «ካልወጣች ሂድና ጋሪህን ጠግን።»

ሄንድሪክ ቀላል መስሎት ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገብቶ ባርኔጣውን አዙሮ አወረደ። ፌንጣዋ ብድግ አለች፤ ክንፎቿን ዘረጋች፣ እሾሃም እጆቿን ግራና ቀኝ ከፈተች። ጣቱን ሲያቀርብላት ወጋችው። በሚቀጥለው እሁድ አብልጦ እጅ ነሣ፤ እሷም አብልጣ ተነሣችበት።

«የሆነ ነገር አውቃብሃለች» አለች ካትሪና እየሳቀች።

ሄንድሪክ ግን አልሳቀም። ምን በድዬ ይሆን ብሎ ዕድሜውን ሁሉ በረበረ፤ በልጅነቱ ከሰረቃት ሐብሐብ በቀር ምንም አጣ።

ከዚያ የካትሪና ጎረቤት ፍየል ባርኔጣውን በላችበት። ባዶ ራሱን ሴት ቤት መሄድ ለእሱ ራቁቱን ከመሄድ አይሻልም። ቢሆንም ሄደ። እንዳፈረ ሹልክ ብሎ ገባና መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፤ እጁን የመስኮቱ ደፍ ላይ ዘረጋ። ፌንጣዋ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘች፤ ጣቱን ዳሰሰች፤ ቀስ ብላም መዳፉ ላይ ወጣች።

የካትሪና መርፌ ከእጇ ወደቀ። በዚያው ቅጽበት ወንድሟ ዮኤል ብቅ አለና «እንዴት ዋላችሁ» ብሎ ባርኔጣውን አውልቆ አወዛወዘ። ፌንጣዋ እዚያው የሄንድሪክ መዳፍ ላይ እንዳለች ክንፏን ዘረጋች፣ እጆቿን ከፈተች።

«ባርኔጣው ነው» አለ ሄንድሪክ። «ከላይ ሲመጣባት ወፍ ይመስላታል። ለካ ቁጣ አይደለም፤ ፍርሃት ነው።»

ዮኤል የፍየሏን ጥፋት እሱ ያጠፋ ይመስል ባርኔጣውን ደብቆ ወጣ። ካትሪና ወደ ፌንጣዋ ጠጋ አለች።

«የሟች ባሌም እጅ የሚመጣው ከላይ ነበር» አለች።

መንደሩ ምላሷን ሲያማ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ሄንድሪክም ጠይቋት አያውቅም። አፈረ፤ አዘነላትም።

«እኔስ ታዲያ ከየት ልምጣ?»

«እንደ ዛሬው። ቀስ ብለህ፣ ከታች።»

ሲጋቡ አዲስ ባርኔጣ ገዛ፤ ግን ቤት ይዞት አይገባም፣ ውጭ አጥሩ ላይ ይሰቅለዋል። የጎረቤቷ ፍየልም ጠርዙን ጀምራለታለች።