ባለቤቴን ባሕር ያሳየኋት ቀን

ባለቤቴ መርሳ መንገድ ዳር ብርቱካንና ፓፓያ ስትሸጥ፣ እኔ በተሳቢ መኪና ከጅቡቲ ዕቃ ሳመላልስ ነው አብረን ዕድሜያችንን የገፋነው። አብረን ስል እንኳን ለወጉ ነው። በወር ውስጥ አራት ቀን ቤቴ ካደርኩ ብዙ ነበር። በተጋባን በአሥራ አንደኛው ዓመት አንድ ጠዋት፣ ጫማዬን ሳስር ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ "አንድ ጊዜ ይዘኸኝ ሂድ" አለችኝ።

"የት?"

"ወደምትሄድበት። ባሕሩን ልየው።"

ሳቅኩ። ሙቀቱ፣ አቧራው፣ ኬላ ላይ ተገትሮ መዋሉ ለሴት አይሆንም አልኳት። እሷ ግን ነገር ከያዘች አትለቅም። ሳትነግረኝ ደሴ ሄዳ ፓስፖርት አወጣች። አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው እሺ አልኩ። ልጆቹን ግራና ከተማ ያለችው እናቷ ዘንድ አደረስንና፣ ከወልድያ በሐራ አድርገን ወደ ቆላው ወረድን።

ሁለት ቀን ሙሉ በመስኮት እያየች ሄደች። ግመል ባየች ቁጥር ትቆጥራለች። ከኋላ ያለውን መኝታዬን ከቤት ባመጣችው አንሶላ አነጠፈችው፤ ጋቢናው የራሴ መኪና አልመስል አለኝ። ጅቡቲ ከተማ ዳር ካለው የመኪና ማቆሚያ ስንደርስ፣ ባሕሩ ገና ሳይታይ፣ የምንጭነው እዚያ ሳይሆን ታጁራ ወደብ ነው ተባልን። ተራችን በማግስቱ ስለሆነ አትቸኩሉ፣ ቀስ ብላችሁ በባሕሩ ዳር ሂዱ አሉን። ሦስት ባዶ መኪና ነበርን። እንዲህ ያለ ቀን ለሹፌር በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው።

እዚህ ላይ የማልደብቀው ነገር አለ። በዚያ መንገድ ላይ ማግባቴን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሚሌ ላይ አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት አግብተህ እንደሆነ ጠየቀችኝና አላገባሁም አልኳት። ለምን እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ወሬው ተከተለኝ፤ እኔም ተመቸኝ። ከመመቸትም አልፎ ሌላ ነገር ነበረበት፤ እሱን አልዘረዝረውም፣ አንባቢ ይገባዋል። መርሳ ላይ ባል ነበርኩ፣ ከሐራ ወዲያ ወንደላጤ።

ልንነሳ ስንል ከሦስታችን በዕድሜ የሚበልጠው ሹፌር ወደ መኪናዬ መጣ። የኮምቦልቻ ሰው ነው፣ ጋሼ እንለዋለን፤ ሚስቱ ከሞተችበት ሦስት ዓመት ሆኖታል። ባለቤቴ ከጋቢናው እየወረደች ነበር።

"ይቺ ማን ናት?" አለኝ ፈገግ ብሎ።

"እህቴ ናት" አልኩ።

አስቤበት አይደለም። አፌ ቀደመኝ። እሷ አንድ እግሯን መሬት፣ አንዱን መርገጫው ላይ እንዳደረገች ቆመች። ቀና ብላ አላየችኝም። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ለጋሼ እጇን ዘረጋች፣ "እንዴት አደሩ?" አለችው።

መንገድ ከጀመርን በኋላ ጠቡን ስጠብቅ ነበር። በሩን እንኳን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ጥቁሩን የድንጋይ ሜዳ አልፈን ከታች ነጭ ነገር ሲታይ፣ "ያ ምንድነው?" አለችኝ።

"ጨው ነው። ሐይቁ ዳሩ ሁሉ ጨው ነው።"

"ይኸን ሁሉ ማን ይበላዋል?" ብላ ሳቀች።

ሳቋን ስሰማ ትከሻዬ ቀለለኝ። አለፈ፣ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም ብዬ ደስ አለኝ። ያ ደስታዬ ነው ዛሬ ከውሸቱ ይልቅ የሚያሳፍረኝ።

አቀበቱን ጨርሰን ስንዞር ባሕሩ ድንገት ከሥራችን ብቅ አለ። እጇን በመስኮቱ አውጥታ ለነፋሱ ሰጠችው። ሦስቱም መኪኖች ተከታትለን እንደ ሽርሽር መኪና በዝግታ ወረድን። የአዳማው ባልደረባችን፣ ዝምታ የሚወድ ሰው፣ ከፊታችን ነበር፤ እሱ እንኳን የዚያን ቀን ጥሩምባውን በየመታጠፊያው እየነፋ ይጫወት ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ዘንባባ የበቀለበት ጠረፍ አግኝተን ቆምን። ጋሼ ከዓሣ አጥማጆች ዓሣ ገዝቶ እሳት አነደደ። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች። በጣቷ ነክራ ቀመሰችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ደግማ ቀመሰችው።

"ወንድምዓለም!" ብላ ተጣራች። "ና እንጂ፣ እግርህን ንከር!"

እኔን መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጋሼ ሳቀና፣ "እንዲህ ያለች እህት ያለችህ ሰው፣ ምን ጎደለህ" አለኝ። ሄጄ እግሬን ነከርኩ። አጠገቤ ቆማ አድማሱን ታያለች፤ በስሜ አልጠራችኝም፣ ክንዴንም አልያዘችም። ልክ እንደ እህት ነበረች።

ዓሣውን በልተን ጥላው ሥር እንደተቀመጥን ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

"እኔ ነገር አላበዛም" አለኝ። "ብቻዬን ነው ያለሁት። ቤት አለኝ፣ ልጆቼ አድገዋል። ከጠዋት ጀምሮ ሳያት ውያለሁ፤ ጨዋ ናት። እህትህ ካላገባች፣ ሽማግሌ ልልክ ነው። አንተስ ምን ትላለህ?"

የአዳማው ሰው ቀና አለ። ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ጋሼ፣ ዋሽቼሃለሁ፣ ሚስቴ ናት ማለት ነበረብኝ። ይስቁብኝ ነበር፣ ምናልባትም ይሰድቡኝ ነበር፤ ቢበዛ አንድ ሳምንት ይወራ ነበር። እኔ ግን አሸዋውን ማየት ያዝኩ።

"አግብቻለሁ፣ ጋሼ" አለች እሷ፣ ረጋ ባለ ድምፅ። "ልጆችም አሉኝ።"

ጋሼ ደነገጠ። "ይቅርታ እህቴ፣ ሳላውቅ ነው። በይ አትቀየሚኝ።"

"ኧረ ምን በወጣዎት። ክብር ነው እንጂ።"

"ባልሽ ምን ይሠራል?"

"ሹፌር ነው።"

"ታዲያ እሱ ነበር እኮ ባሕር ማሳየት የነበረበት!"

"ሥራ ይበዛበታል" አለች። "ደግ ሰው ነው። ቤት አይገኝም እንጂ። ስለዚህ ወንድሜ ይዞኝ መጣ።"

"የታደለ ሰው ነው" አለ ጋሼ።

"አላህ ያውቃል" አለችና ሳህኖቹን ሰብስባ ልታጥብ ወደ ውሃው ሄደች።

ጋቢና ውስጥ ብቻችንን ስንሆን፣ "ለምን እንዲያ አልሽ?" አልኳት። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!

"ምን ልበል ታዲያ? በሰው ፊት ውሸታም ላድርግህ?"

"አይ፣ እኔማ..."

"ተወው" አለችኝ። "ቀኔን አታበላሽብኝ። ባሕር ልይበት።"

ታጁራ እስክንገባ ባሕሩን አየችው። ከተማው ውስጥ የከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ደርሶ ነበርና ነጩ መስጊድ ገብታ ሰገደች፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ጫማዋን ጠበቅኩ። ገበያው ውስጥ ማንጎ አንስታ አሸተተችና፣ "ይቺ ሳትደርስ የተቆረጠች ናት፣ እኛ አገር ሀብሩ ብትሆን ማንም አይገዛትም" አለችኝ። ሳቅን። ከሩቅ ላየን ሰው ደስተኞች ነበርን። ሲመሽ እሷ ጋቢናው ውስጥ ባነጠፈችው መኝታ ተኛች፤ እኔ፣ ወንድም ነኝና፣ ከጋሼ ጋር ውጭ ሰሌን ላይ። ጋሼ ከኔ አንድ ክንድ አይርቅም። ሌሊቱንም ሆነ በማግስቱ ስንጭን ልነግረው እችል ነበር።

መርሳ ስንመለስ ለጎረቤት ሁሉ የባሕሩን ነገር አወራች። ስለ ውሃው ጣዕም፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ዓሣው አንድም ነገር አልቀረም። ያን አንዱን ነገር ግን ለማንም፣ ለእናቷም አልነገረችም። ዓመት ቆይቼ፣ "ነይ እንሂድ፣ ደግሞ ታጁራ ደርሶኛል" ስላት፣ ብርቱካን እየደረደረች ነበር። "አይቼዋለሁ" አለችኝ። በሦስተኛው ዓመትም ጠየቅኳት። ያው መልስ ነው። ፓስፖርቷ ጊዜው ሲያልፍ አላሳደሰችውም።

ጋሼ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በመርሳ ሲያልፍ ቤቴን ጠይቆ መጣ። ለእህቴ ብሎ ሽቶና ሻርፕ ይዞ ነበር። "ባሏን ደግሞ አስተዋውቀኝ፣ ያን ቀን ማፈሬን ልንገረውና እንሳሳቅ" አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ትንሿ ልጄ ከጓሮ እየሮጠች መጥታ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። "አባ፣ እማ እየጠራችህ ነው!" አለችኝ። ከኋላዋ ባለቤቴ ብቅ አለች።

ጋሼ ልጅቷን አየ፣ ባለቤቴን አየ። እኔን አላየኝም። ሻርፑን በሁለት እጁ ሰጣትና፣ "አንቺ ልጅ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥሽ" ብሏት ወጣ። ሻይ እንኳን አልጠጣም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ መብራት ያበራልኛል፣ ሰላምታው እሱ ብቻ ነው። አይቆምም።

ወገቤ እምቢ ሲለኝ ረዥሙን መንገድ ተውኩት። አሁን በፒክአፕ ከግራና እስከ ወልድያ ፍራፍሬ አመላልሳለሁ፤ ሁልጊዜ ቤቴ አድራለሁ። ቤት የሚያድር ባል ለመሆን ብዙ ዘግይቻለሁ። እሷ የለመደችው ብቻዋን መወሰን ነው፤ እኔ ስጠይቃት እንደ እንግዳ በትሕትና ትመልስልኛለች።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናብ ይዞን በመሸጫዋ ሸራ ሥር ሁለታችን ብቻ በተቀመጥንበት፣ እንደምንም አወጣሁት። "ያን ቀን፣ እህቴ ናት ያልኩት፣ ስህተት ነበር። በደልኩሽ። አውፍ በይኝ" አልኳት። ስንት ዓመት ስለማመደው የኖርኩት ንግግር ከዚህ አልረዘመም።

ፊቷ አልተቆጣም፣ አልፈካም።

"ሰምቻለሁ" አለችኝ።

ሌላ ቃል ስጠብቅ አንዲት ሴት ዣንጥላ ይዛ መጥታ ፓፓያ ጠየቀቻት። ተነስታ የበሰለውን እየነካካች መረጠችላት። ዝናቡ አባርቶ ዕቃ ሰብስበን ቤት ገባን። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳችውም፤ እኔም ደግሜ ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም።