የጂዶ ቦርሳ

ሰናይት፣ «ከአሠሪዎቼ ቤት ነገ እጠፋለሁ» ስትዪ ሰምቼሻለሁ። እስቲ እዚህ ደረጃው ላይ ቁጭ በዪ። እናንተም የፎቁ ሠራተኞች ስሙ፤ ሳቁን ለኋላ አቆዩት። አዎ፣ ከርከሮ ገጥሞኛል፣ እኔን የቤት ሠራተኛዋን!

አምና በፈረንጆቹ 2019 ነው፤ መስቀል አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሏል። የማዳሜ አባት፣ ልጆቹ ጂዶ፣ አያቴ፣ የሚሏቸው፣ ለአደን ሲወጡ ቦርሳ የሚያሸክሙት እኔን ነበር። ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ኮቴ መለየቱን፣ ነፋስ ማዳመጡን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «የአደን ግማሹ መቀመጥ ነው፣ ያ ቢንቲ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

እኔ ግን መቀመጥ አንገፍግፎኛል። ኮንትራቴ ካለቀ ዓመት ሆኖታል፤ ፓስፖርቴን የማዳሜ ባል ሚስተር ቆልፎበታል። አገሬ ስደዱኝ ስል መልሱ «ቡክራ» ነው፤ ነገ፣ ነገ። ልጄን ትቻት ስመጣ አራት ዓመቷ ነበር። እመቤቴ ማርያምን ለምኜ ለምኜ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተቀየምኳት። ስለዚህ ከምናድንበት ጫካ በታች ካለው አስፋልት ሰርቪስ ታክሲ ይዤ፣ የአገራችን ልጆች ወደሚበዙበት ዶራ ሰፈር ልጠፋ ወሰንኩ።

ያን ቀን ጠዋት ከጅዴይዴ መንደር በላይ ወዳለው የጥድ ጫካ ወጣን። ጂዶ ለወፍ ነው የመጡት፤ ሁለት አፍ ጠመንጃቸው የጎረሰው የወፍ ጥይት ነው። ትልልቁ ጥይት እኔ በያዝኩት ቦርሳ ውስጥ አለ። መንገድ ላይ ኮቴ አየሁ፤ ስንጥቅ፣ ጠርዙ ገና ያልፈረሰ። አጠገቡ ያለው ጥድ እስከ ወገቤ ድረስ እርጥብ ጭቃ ተለቅልቋል። ከርከሮ! ብነግራቸው «ጥይቱን ስጪኝ፣ ከአጠገቤ አትራቂ» ይሉኛል። ዝም አልኩ። ይቺ ዝምታ ናት እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ።

«መጣሁ፣ ቁጥቋጦው ጋ ደርሼ» ብዬ ቁልቁል ሮጥኩ። አስፋልቱ ሲታየኝ ተኩስ ሰማሁ፤ ሁለት ጊዜ፣ ተከታትሎ። ከዚያ የጂዶ ጩኸት። ሁለት አፍ ሁለቴ ከጮኸ ባዶ ነው። ትከሻዬን ብዳብስ ቦርሳው ጀርባዬ ላይ ነው! ከልማድ ብዛት ማውረዱን ረስቼዋለሁ።

ተመልሼ ሽቅብ ሮጥኩ። ጂዶ ወድቀዋል፣ ጭናቸው ተዘንጥሏል፤ ከርከሮውን በባዶ ጠመንጃ ይገፉታል። «በማርያም!» ብዬ በድንጋይ አልኩት። ወደኔ ዞረ። ከጥዱ ኋላ ስገባ ግንዱን መታው፣ ቅርፊቱ ፊቴ ላይ ተበተነ። እጄን ቦርሳው ውስጥ ከተትኩ፤ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር መጣልኝ፣ ወረወርኩት። ቀጥሎ ጥይቱን አገኘሁና ወደ ጂዶ ጣልኩላቸው። እንደተኙ አጉርሰው ተኮሱ። ከርከሮው ከእግሬ ሁለት እርምጃ ላይ ወደቀ።

ጭናቸውን በሻሼ አሰርኩ። ፌስታሉን ሳነሳው ውስጡ ፓስፖርቴ ነው።

«ምሳ ስንበላ ልሰጥሽ ነበር» አሉኝ ጥርሳቸውን ነክሰው። «ወር ሙሉ ሚስተርን ለምኜው ነው። ለገና አገርሽ ነሽ።»

እግዜር ረሳኝ ብዬ ስሮጥ፣ የቀረኝ እስከ ምሳ ሰዓት መቆየት ብቻ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ደም ነው፣ አይለቀምም።

ሆስፒታል ሚስተር «የት ነበርሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። ጂዶ ከአልጋው ላይ ሆነው «ውሃ ልኬያት ነው፣ ኸላስ፣ በቃ» አሉት። ዋሹልኝ።

እግራቸው አልዘረጋ ስላለ ለገና ጥያቸው መሄድ አቃተኝ። ከዚያ በሽታው መጣ፣ ኤርፖርቱ ተዘጋ። ይኸው ፓስፖርቴ ትራሴ ስር ነው። ለንስሐ አባቴ በስልክ ተናዘዝኩ፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ሽማግሌውን ግን ራስሽ ይቅርታ ጠይቂ» አሉኝ። እስካሁን አፌ አልተላቀቀም።

ሰናይት፣ የሚመቱሽ ቢሆን እኔው በሩን እከፍትልሽ ነበር። አንቺ ግን እንደኔ መጠበቁ ነው የሰለቸሽ። ስትሮጪ ጀርባሽ ላይ የማንን ነገር እንደያዝሽ እይ።

ትናንት ጂዶ በከዘራ በረንዳ ወጡ። «ዝናብ ሲጥል ለአደን እንወጣለን» አሉኝ። ጥይቱን ቆጥረው ቦርሳው ውስጥ ከተቱና፣ «ያዢው፣ ያ ቢንቲ» ብለው ለኔው ሰጡኝ።