የተቆራረጠው ሰማያዊ መስመር

በካርታ መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ተጎንብሳ ወንዙን ለሃያ ዘጠኝ ዓመት የሣለችው እሷ ናት። ባልደረቦቿ «የወንዙ እመቤት» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ግን ማንም አይደፍርም፣ ስትቆጣ አያድርስ ነው።

ወንዙን ከምንጩ እስከ ባሕሩ እንደ መዳፏ ታውቀዋለች። ከተራራው ሲወርድ ቀጭንና ቁጡ ነው፤ አሥራ አንድ ገባሮች እየዋጠ ይወፍራል፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ ሥራ እንደጠላ ሰው ይጎተታል። ሦስት ከተሞች ይጠጡታል፣ እህሉም ሲሚንቶውም በጀልባ ይጓዝበታል፣ ያ ሁሉ ማሳ ያለ እሱ ባዶ አፈር ነው። ግን አመል አለበት። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ሜዳው ላይ መንገዱን ይቀይራል፤ በዚህ ምክንያት ካርታው በየሰባት ዓመቱ እንደገና ይሣላል። የዘንድሮው ለእሷ የመጨረሻዋ ነበር፤ በቀጣዩ ወር ጡረታ ትወጣለች።

ከአውሮፕላን የተነሡት ፎቶዎች ሲመጡ አንደኛው ላይ ዓይኗ ተተክሎ ቀረ። ወንዙ በአምናው ጎርፍ የታላቅ ወንድሟን እርሻ በጀርባ በኩል ዞሮ አልፏል። ወዲህ ማዶ የነበረው መሬት ወዲያ ማዶ ሆኗል። የሁለቱ ወረዳዎች ወሰን ደግሞ ወንዙ ራሱ ነው፤ ሰማያዊው መስመር በሄደበት ወሰኑም ይሄዳል። አባታቸው ማንጎ የተከሉበት፣ ወንድሟ የሸበተበት ማሳ በማያውቀው ሹም እጅ ሊገባ ነው።

ወንድሟ ደወለ።

«እቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። መስመሩን በድሮ ቦታው ተይልኝ። ማን ያያል?»

«ጋሼ...»

«ጥፍር የማታህል ቦታ እኮ ናት!»

ካርታው ላይ እውነትም ጥፍር አታህልም።

ሦስት ቀን ብዕር አላነሳችም። ብትተወው ማንም አይነቃባትም ነበር፤ የከፋውም ይኸው ነው። ነገር ግን የጎርፍ መከላከያው ግንብ የሚሠራው የእሷን መስመር ይዞ ነው። መስመሯ ከዋሸ ግንቡ ደረቅ መሬት ላይ ይገተራል፣ ከታች ያሉት ቤቶችም ውኃውን ያለ ከልካይ ይቀበሉታል። በአራተኛው ቀን ጥርሷን ነክሳ ወንዙን ባለበት ሣለችው። ጥሎት የሄደውን ደረቅ ቦይ፣ እንደ ሥራው ደንብ፣ በተቆራረጠ መስመር አመለከተችው።

በስልክ መንገሩ ፍርሃት መሰላት። ቅዳሜ ቅጂውን ጠቅልላ ሄደች። ወደ ወንድሟ ቤት በጀልባ ስትሻገር በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጋሼ ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ጣቱን በተቆራረጠው መስመር ላይ አስኬደ።

«ይቺስ?»

«ድሮ የነበረበት ነው።»

«ውኃው ከተመለሰ፣ በሰባት ዓመቱ ትመልሺልኛለሽ?»

«ያኔ እኔ እዚያ አልገኝም፣ ጋሼ። ጡረታ ልወጣ ነው። ሌላ ሰው ይሥለዋል።»

ቁጣ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ጣቱን ወደ አዲሱ መስመር አሻግሮ፣ ከእርሻው ጀርባ ሲደርስ አቆመ።

«ሌላ ሰውማ እዚህ ማን እንዳለ አያውቅም» አለ። «አንቺ እዚህ ጋ እጅሽ ከብዷል። ቀለሙ ወፍሯል፣ እይው።»

ጎንበስ ብላ አየችው። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያበላሸችው መስመር ያ ብቻ ነበር።