ግንበኛው ሐሞት ከረጢቱን ያስወጣ ዕለት

ግንበኛው በሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኑ አንድ ቀን «አመመኝ» ብሎ አያውቅም። ብሎኬት ጣቱን ሲጨፈልቀው ጣቱን ያይና በጨርቅ ጠቅልሎ ሥራውን ይቀጥላል። ባልደረቦቹ «ሐሞተ ኮስታራው» ይሉታል፤ እሱም ስሙን አልጠላውም።

ስለዚህ ሲያስመልሰው ያየች ሚስቱ ጎትታ ወስዳው፣ ሐኪሙ ሐሞት ከረጢቱ ጠጠር ስለሞላው መውጣት አለበት ሲለው፣ ያስጨነቀው ቢላው ሳይሆን የሰው አፍ ነበር። እንደፈራውም አልቀረ፤ ሐሞቱ የወጣ ሰው ደፍሮ መሰላል ይወጣ እንደሆነ ሠራተኛው ሁሉ ሲከራከር ሰነበተ። ሐኪሙን በዘወርዋራ ቢጠይቀው፣ ሐሞትን የሚያመነጨው ጉበት እንደሆነ፣ የሚወጣው ማጠራቀሚያው ብቻ እንደሆነ ነገረው። ግንበኛው ይህንን ለባልደረቦቹ «ታንከሩ ነው የሚነሳው፤ መስመሩ አይነካም» ብሎ አስረዳ።

በቀጠሮው ጠዋት የማደንዘዣ ሐኪሟ አልጋው አጠገብ ቆማ ሁሉንም ዘርዝራ ነገረችው። ሆዱ ላይ አራት ትንንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ በካሜራ ይሠራል። ከመዘጋቱ በፊት ውስጡም ቁስሎቹም ላይ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ስለሚደረግ፣ ሲነቃ ብዙም አያመውም። መድኃኒቱ ግን ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይለቃል፤ ሆዱን ለመንፋት የገባው ጋዝም ትከሻ ላይ ሊያመው ይችላል። ሕመሙ ሳይበረታ ኪኒኑን እንዲውጥ አደራ አለችው። ግንበኛው ምንም የማያውቅ ደንበኛ ስለ ሲሚንቶ ሲያስረዳው እንደሚያደርገው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ።

ሲነቃ ነርሷ ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር እንዲናገር ጠየቀችው። «ዜሮ» አለ። እውነቱን ነበር። ፋሻውን በጣቱ ጫን አደረገው፤ ምንም የለም። መድኃኒቱን ረስቶ ምስጋናውን ለራሱ ሰጠ። ነርሷ ያመጣችለትን ኪኒን፣ ሄድ ስትል ጠብቆ ትራሱ ሥር ወሸቀው። ሚስቱ ስትገባ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጦ፣ ባለፈው ቀን ያንኑ ቀዶ ጥገና ያደረጉትን የጎን አልጋ ጡረተኛ አስተማሪ ሲመክር አገኘችው።

«ሕመም ወንበር ከሰጡት ይቀመጣል» ይላቸዋል።

አስተማሪው ማደንዘዣው ስንት ሰዓት ላይ እንደተሰጠው ጠየቁት። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ መሆኑን ነገራቸው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩና «እንግዲያው አሥር ሰዓት ላይ እንጫወታለን» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ቀኝ ትከሻው ጀመረው። የተቀደድኩት ሆዴን፣ የሚያመኝ ትከሻዬን፣ ብሎ በልቡ ሐኪሞቹን ታዘበ። ቀጥሎ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ያሉበትን ያሳውቁት ጀመር። ጥርሱን ነክሶ ጣሪያውን አየ። ልስኑ ጥሩ አልነበረም።

ነርሷ መጥታ እንደገና ጠየቀችው።

«ሁለት» አለ።

ሚስቱ የአልጋውን ብረት የጨበጠ እጁን አየች። «ሁለት ከሆነ ብረቱን ልቀቅና ንገራት።»

ለመልቀቅ ሞከረ። ላቡ በግንባሩ ወረደ።

«ስምንት ነው። አመመኝ» አለ።

ሚስቱ ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ነርሷ ኪኒኑን መዋጡን ጠየቀችው፤ ትራሱን አነሳላት። ነርሷም በጉልኮሱ መስመር ማስታገሻ ሰጠችው። አስተማሪው ለይሉኝታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ሳቁ ግን ቁስላቸውን ስለነካው ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ቆዩ።

በማግስቱ ወደ ቤቱ ሲሸኝ ኪኒኑን በየሰዓቱ እየዋጠ፣ ሰዓቱንም ለሚስቱ እየተናገረ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ሳለ ሚስቱ ልብስ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«እኔም ጉልበቴን ካመመኝ ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገረችው ጠየቃት።

«እዚህ ቤት ማን ያመዋል ብዬ?» አለችው።

ሰኞ ጠዋት ግንበኛው ቀስ ብሎ ልብሱን ለበሰና ይዟት ክሊኒክ ሄደ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ።