ሹክታ እና የመጨረሻዎቹ እሁዶች

ቀን ቀን ልብስ ሰፊ ናት። ከዳቦ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ዚፕ ስትቀይር፣ ሱሪ ስታሳጥር፣ «ወገቡን ትንሽ ሰፋ አድርጊልኝ» የሚሏትን ደንበኞች «ትንሽ ብቻ?» እያለች ስታበሽቅ ትውላለች። እሁድ ከሰዓት ሱቋን ዘግታ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ወዳለው አሮጌ አዳራሽ ትሄዳለች። እዚያ ስሟ ሹክታ ነው። ስሙን ያወጣላት የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ሲሆን፣ የቲያትር ቡድኑ አዘጋጅም እሱው ነው። ከመድረኩ ጎን፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጽሑፉን በጣቷ ትከተላለች። ተዋናዩ ቃል ሲጠፋበት ቀስ ብላ ሹክ ትለዋለች። ሥራዋ ይኸው ነው።

ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ችግሩ ግን ዝም ያለ ሁሉ ረስቶ ዝም አይልም። አንዱ ዝም የሚለው ተመልካቹን ሊያስለቅስ ነው፤ እዚያ ላይ ቃል ብታቀብለው ለቅሶውን ታበላሽበታለች። ሌላው ዝም የሚለው ጉድ ፈልቶበት ነው፤ እሱን ብታዘገየው ላብ ያጠምቀዋል። ሹክታ ሁለቱን የምትለየው በእግር ነው። ተዋናይ ሲባል ፊቱን መደበቅ ያውቅበታል፤ እግሩ ግን አይታዘዝለትም። ቃል የጠፋበት ሰው ተረከዙ ከመሬት ብድግ ይላል። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ብትናገር ሁሉም እግሩን መጠበቅ ይጀምርና ሥራዋ ገደል ይገባል።

ከሁሉም ይልቅ ቃል የሚጠፋባት የቡድኑ ዋና ተዋናይ ነበረች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ንግሥት ሲፈለግ ንግሥት፣ ባልቴት ሲፈለግ ባልቴት ትሆናለች። ሁሌም ወለል የሚጠርግ ቀሚስ ስለምትለብስ እግሯ አይታይም። ሹክታ እሷን የምትረዳት በግምት ነበር፤ ቆም ስትል ታቀብላታለች፣ ተቀብላ ትቀጥላለች። ይህች ተዋናይ የሹክታ ታላቅ እህት ናት። ሁለቱ ከተኳረፉ ደግሞ ዓመታት አልፈዋል።

ጠቡ የመጣው በእናታቸው ነው። እናታቸው አልጋ ይዘው ሰነበቱ፤ አንድ እሁድ ባሰባቸው። ሹክታ ያን ቀን በርጩማዋን ትታ አጠገባቸው ነበረች። ወደ አዳራሹ መልእክት ላከች፤ መልእክቱም በእረፍቱ ሰዓት ለታላቅየዋ ደረሰ። ታላቅየዋ መልእክቱን ሰማች፣ መስታወት ፊት ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ወደ መድረኩ ተመልሳ ተውኔቱን እስከ መጨረሻው ተጫወተች። ቤት ስትደርስ የእናታቸው ፊት ተሸፍኗል። ሹክታ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት «ከእንግዲህ አንቺና እኔ አንነጋገርም» አለቻት። ዘመድ ገባ፣ ጎረቤት ገባ፣ ፀጉር አስተካካዩም መቀሱን ይዞ ገባ፤ አልሆነም።

አንዳቸውም ግን ከቡድኑ አልወጡም። «እሷ ትውጣ እንጂ እኔ ምን በወጣኝ» ትላለች አንዷ። ሌላዋም እንዲሁ። እንዲህ ሆኖ ሹክታ ለእህቷ የምታወጣው ቃል ሁሉ የሌላ ሰው ድርሰት ሆነ። «ልጄ ሆይ፣ በሩን ዝጊው» ትላታለች ከመጋረጃው ጀርባ፤ እህቷም «ልጄ ሆይ፣ በሩን ዝጊው» ትላለች ለአዳራሹ። ሲያልቅ አንዷ በፊት በር፣ ሌላዋ በጓሮ ትወጣለች።

ታዲያ አዳራሹ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ሊሆን ነው ተባለ። ባለቤቱን የሚወቅስ አልነበረም፤ ከኋላ ወንበሮች ላይ ከሰው ይልቅ ድመት የሚበዛበት ጊዜ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ሁሉንም ሰብስቦ፣ «እንግዲህ እንደ ሰው ተሰናብተን እንሂድ» አለ። ተመልካች የሚወዳቸው ሦስት የድሮ ተውኔቶች፣ እያንዳንዳቸው ለጥቂት እሁዶች፣ በየተራ እንዲታዩ ተወሰነ። ያለቀሱ ነበሩ። ሹክታ ግን «ወገቤ ያርፍልኛል» አለች። እውነቷን ነው፤ በርጩማው ድንጋይ ነው።

ሁለተኛው ተውኔት አጋማሽ ላይ ጉንፋን ጣላትና ድምፅዋ ጭራሽ ተዘጋ። አንድ እሁድ ቀረች። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ በርጩማው ላይ ተቀመጠላት። ሰኞ ጠዋት የተቀደደ ሱሪ ይዞ ሱቋ መጣ።

«እህትሽን ጉድ አልኳት እኮ!» አለ ገና ከበሩ።

«ምን ሆነች?» አለች ሹክታ በሻከረ ድምፅ፣ እጇን ከስፌት መኪናው ሳታነሳ።

«ምንም። አንድ ቃል አልሳተችም። ሳትደናቀፍ እንደ ውሃ አወረደችው። እኔ በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ እንቅልፌን ልለጥጥ ምንም አልቀረኝ።»

የሹክታ ደም ፈላ። ሱሪውን ተቀብላ የተቀደደውን ትታ ደህናውን ሰፋችው፤ እንደገና መፍታት ነበረባት። «ሆን ብላ ነው» አለች ለራሷ። «እኔ ከሌለሁ ትችላለች ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ተገትሬ ኖሬ፣ ልታሳየኝ ፈልጋ ነው።» ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ አልሳቀችም። ሱሪውን ስትመልስ ወገቡን አጥብባበት ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩም እንደወፈረ አምኖ ሄደ።

በሳምንቱ ድምፅዋ ተመለሰ፣ ወደ በርጩማዋም ተመለሰች። እህቷ እንደ ድሮዋ ሦስቴ ቆመች፤ ሹክታም ሦስቴ አቀበለቻት። ነገሩ ከነከናት። ያለ እሷ ያልጠፋ ቃል፣ እሷ ስትኖር ለምን ይጠፋል?

የመጨረሻው ተውኔት ልብሶች እድሳት ስለፈለጉ ወደ ሱቋ ተላኩ። ከነሱ መካከል የእህቷ የባልቴት ቀሚስ ነበር። ሹክታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከታች አራት ጣት ያህል አጥፋ ሰፋችው። ማንም አላዘዛትም።

እህቷ ቀሚሱን ለክታ ፀጉር አስተካካዩን ላከችው።

«አጠረብኝ ትላለች» አለ መልእክተኛው።

«ጨርቅ ሲታጠብ ይገባል በላት» አለች ሹክታ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

የመጨረሻው ተውኔት መታየት ሲጀምር፣ እህቷ ሁለተኛው ትዕይንት ላይ እንደ ልማዷ ቆመች። ሹክታ ጽሑፉን ትታ እግር እግሯን አየች። ተረከዞቿ ከመሬት ተጣብቀዋል። ቃል ሳታቀብላት ጥቂት ዘገየች። እህቷ ንቅንቅ አላለችም፤ አውቶቡሱ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ፌርማታ ላይ እንደሚቆመው ቆማለች። ጆሮዋ ብቻ ወደ መጋረጃው ዞር ብሏል። ሹክታ ቃሉን ሹክ አለቻት፤ ያኔ ፊቷ ፈታ አለና ቀጠለች። ሌላ ቦታ ላይ ቆመች፤ ተረከዟ አሁንም መሬት ነው።

ሹክታ ወደ ኋላ ሄዳ አሰበችው። ከእናታቸው ሞት በፊት እህቷ የራሷን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ቃል ሁሉ በቃሏ የምትይዝ ሰው ነበረች። መርሳት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰው ሁሉ «ሐዘኑ ነው ያዘነጋት» ይል ነበር፤ ሹክታም ብላለች። እህቷ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ረስታ አታውቅም። የምትቆመው የእህቷን ድምፅ ለመስማት ነበር።

መጀመሪያ ተናደደች፤ እንደ ልጅ ተታለልኩ ብላ። በማግስቱ ሱቅ ውስጥ የሰው ኮት እያስተካከለች እንባዋ መጣና በኮቱ እጅጌ ጠረገችው። ቀጥሎ ፍርሃት መጣ። ይህ ተውኔት ሲያልቅ አዳራሹ ይዘጋል፤ በርጩማም፣ መጋረጃም፣ ማቀበልም አይኖርም። ያን ጊዜ በምን ይነጋገራሉ? ሄጄ ቤቷን ላንኳኳ አለች፤ እግሯ እምቢ አላት። በሰው ፊት የተናገረችውን እንዴት ታጥፈዋለች? እንዲህ ስትል እሁዶቹ አለቁ።

የመጨረሻው እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። ሰው ሊሞት ሲል ዘመዱ እንደሚበዛ ሁሉ፣ ስንት ዓመት ያልታዩ ሰዎች ከፊት ወንበር ተሻምተው ተቀመጡ። ተውኔቱ ባማረ ሁኔታ ሄደ። መጨረሻው ትዕይንት ላይ ባልቴቷ ብቻዋን መድረክ ላይ ቀርታ የምትናገረው አለ። እህቷ ጀመረች፣ መሃል ላይ ደረሰች፣ ቆመች። ጆሮዋ ወደ መጋረጃው ዞረ። ሹክታ ጣቷ መስመሩ ላይ ነው፤ «ይህን ቤት የሠራሁት በእነዚህ እጆች ነው» ይላል። ይህ የመጨረሻው መቆም መሆኑን አወቀች፤ ከዚህ ወዲያ የእህቷ ዝምታ የለም።

«እትዬ» አለች ሹክታ።

ከጽሑፉ ውስጥ አልነበረም። እህቷ ክው አለች። ተረከዟ ከመሬት ብድግ ሲል ሹክታ አየችው። ይህ የእውነት ነው። ቶሎ ብላ «ይህን ቤት የሠራሁት» አለቻት። እህቷ አልሰማችም። ደገመችላት፤ ምንም። ወዲያ ማዶ ፀጉር አስተካካዩ የራሱን ፀጉር ይነጫል። ሹክታ ሹክ ማለቱን ትታ ጮክ ብላ ተናገረችው፤ አዳራሹ ሳቀ። ተውኔቱን በየሳምንቱ ያየች አንዲት የፊት ወንበር ሴትዮ ደግሞ፣ «ይህን ቤት የሠራሁት በእነዚህ እጆች ነው በይ እንጂ!» አለቻት። እህቷ እንደ ባነነ ሰው ቃሉን ይዛ ቀጠለች። ጨረሰችው። መጋረጃው ተዘጋ።

ውጭ ጭብጨባውና መተቃቀፉ ሲቀልጥ፣ ፀጉር አስተካካዩ ማንም የማይሰማውን ንግግር ሲያደርግ፣ ሹክታ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ ልብሶቹን ታጥፍ ጀመር። እህቷ ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«የዛሬው የእውነት ነበር» አለች።

«አይቻለሁ።»

«ምን አስጠራሽ እዚያ መሃል ላይ? በሰው ፊት አዋረድሽኝ እኮ!»

«እኔ ነኝ ያዋረድኩሽ? ይህን ሁሉ ዓመት እንደ ሞኝ ስታስለፈልፊኝ የኖርሽው አንቺ!»

«እና ምን ላድርግ? በሌላ በምን ላስለፍልፍሽ?»

ሹክታ የያዘችውን ቀሚስ ወንበሩ ላይ ወረወረችው። «እማዬ እስከ መጨረሻው ስትጠራሽ ነበር» አለች። «በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ‹መጣች?› ትለኛለች። ‹መንገድ ላይ ናት እማዬ፣ እየደረሰች ነው› እላታለሁ። እየዋሸሁ ነው የሸኘኋት። አስዋሸሽኝ እትዬ።»

እህቷ አፏን ከፈተች። «እኔ…» አለችና ቆመች። «እኔ ያን ቀን…»

ሹክታ ሰው ዝም ሲል አፏን ይበላታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ይህንኑ ነው። ምላሷ ላይ የሚሆን ቃል ሞልቶ ነበር። ክብር ይዞሽ ነው ልትላት ትችላለች፤ ሕዝቡን ጥዬ አልሄድም ብለሽ ነው ልትላት ትችላለች፤ እህቷም የሰጧትን መቀበል ለምዳለች፣ ትቀበላት ነበር። ሹክታ ከንፈሯን ገጠመች። ውጭ አንድ ሰው ስሟን ጠራ፤ አልመለሰችም። ጠበቀች።

«ፈርቼ ነው» አለች እህቷ። «ስትሞት ማየት ፈርቼ ነው። ተውኔቱ እስካላለቀ ድረስ የምትቆየኝ መሰለኝ።»

ሹክታ ወንበሩ ላይ የተከመረውን ልብስ ሁሉ አንስታ መሬት ላይ አደረገችው።

«ተቀመጪ እትዬ» አለች።